አሥራ ዘጠኝ አውራ በግና ችላ ያልኩት ማስጠንቀቂያ

ከደብረ ብርሃን ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ፤ ከንፈሬ ግን እስካሁን እንደተሰነጠቀ ነው። አዳማ ያሉ ጓደኞቼ «አንተ ኮምፒውተር ላይ ተጥደህ የምትውል ሰው፣ አንኮበር ገደል ምን ወሰደህ?» እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡኝ። ለእያንዳንዳቸው ከምተርክ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ከእነሱ መካከል ወደዚያ የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁ። ስለ ብርዱ ሲሰሙ ይበቃቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት በደብረ ብርሃን ዙሪያ ላሉ በግ አርቢዎች ማኅበር የመዝገብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ማኅበሩ ዘራቸው የተመረጠ አሥራ ዘጠኝ አውራ በጎች አሉት። አውራዎቹ የማንም የግል አይደሉም፤ በየመንደሩ በተራ ይዞራሉ። አንዱ ዓመት ካቆየ በኋላ ለባለተራው ያስረክባል። የትኛው አውራ የት እንዳለ የምትመዘግበው ጽጌ የምትባል ሴት ናት። ፕሮግራሙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር እንደዋወላለን። ከሁለት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ስትደውል ግን በዓል አልነበረም።

«ብሩክ፣ ሌባ ተብያለሁ» አለችኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመች።

መዝገቡ አሥራ ዘጠኙም አውራዎች እንዶዴ ሜዳ ናቸው ይላል። እንዶዴ ሜዳ ከአንኮበር ቁልቁል ያለች መንደር ስትሆን፣ የጽጌ ታላቅ ወንድም የሚኖሩት እዚያ ነው። ነገሩን ያከፋው ደግሞ ዘንድሮ ባለተራዎቹ ከምዕራብ ተፈናቅለው ከከተማው ዳር በመጠለያ የሚኖሩ ገበሬዎች መሆናቸው ነው። ሁለትም ሦስትም በግ ይዘው ኑሮን ሀ ብለው የጀመሩ ሰዎች ናቸው። አውራ ሊረከቡ ሲመጡ «የለም፣ ሁሉም እንዶዴ ሜዳ ነው» ተባሉ። ከዚያ በኋላ ወሬው ከተማውን ሞላው፤ ጽጌ ከተፈናቃይ ቀምታ ለወንድሟ ሰጠች ተባለ። ኮሚቴው እሑድ ተሰብስቦ ሊያሰናብታት ነው።

«ፕሮግራሙን የሠራኸው አንተ ነህ። ና እና እየው» አለችኝ።

ረቡዕ በጠዋት ተነሣሁ። ከአዳማ አዲስ አበባ ያለው መንገድ የፍጥነት መንገድ ስለሆነ ወሬ የለውም፤ ተኝቼ ደረስኩ። ከላምበረት መናኸሪያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ሹፌሩ ከሰንዳፋ እስከ አለልቱ ስልክ ያወራል፤ ረዳቱ ደግሞ ሹፌሩን ይቆጣል። እኛ ዘንድ ረዳት ሹፌሩን ሲቆጣ አይቼ አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ሸኖ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በመስኮት ቅቤ ገዙ። የሸኖ ቅቤ እንዴት እንደሚወደድ አውቃለሁ፤ የእኔን ላፕቶፕ ቦርሳ ጠረጴዛ ያደርገዋል ብዬ ግን አላሰብኩም። በቅጠል የተጠቀለለውን ቅቤ ጭኔ ላይ ካለው ቦርሳ ላይ አሳርፈው ለእህታቸው ይደውሉ ጀመር። ጫጫ ስንደርስ ቦርሳዬ ጠረኑ ተቀይሯል። ሴትዮዋ ሲያዩት ደነገጡና «ውይ በሞትኩት! ኮምፒተር ነው እንዴ?» ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ። ከዚያ ዓይናቸው ሸሚዜ ላይ አረፈ። «ልጄ፣ በዚህ ሸሚዝ ነው ደብረ ብርሃን የምትሄደው? ቤትህ የሚመክርህ ሰው የለም?»

የለም አልኳቸው። እውነትም እናቴ ብትኖር እንዲህ አልወጣም ነበር። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስወርድ ነፋሱ በአንዱ እጅጌዬ ገብቶ በሌላው ወጣ። አዳማም ነፋስ አለ፤ የእኛው ግን አቧራ እንጂ በረዶ አይረጭም። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት ወይዘሮ፣ ሙቅ ውሃ አለ ወይ ስላቸው፣ «ውሃ አለ» አሉኝ፤ ሙቅ የሚለውን ዘለሉት። ግን ደግሞ ሳልጠይቃቸው ከሱፍ የተሠራ ወፍራም ባና አመጡና አልጋዬ ላይ ጣሉልኝ። ክብደቱ አላገላብጥ አለኝ እንጂ ሞቀኝ።

ሐሙስ የማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተክሌ ደጃፉ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ፀሐይ ይሞቃሉ። ለእኔ ቆመው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ስለ አዳማ ሙቀትም ጠየቁኝ። ጽጌ በአጠገባቸው አልፋ «እንደምን አደሩ» ስትል ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዩ። ዓይኔ እያየ ነው። ጽጌ ቢሮዋን ከፈተች።

«ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመሽ ማይ አሉኝ» አለች ወንበር እየሳበችልኝ። «እኔ ስለ እጄ እምላለሁ፣ ስለ ማሽኑ ግን አልምልም አልኳቸው። ውስጡ ምን እንደሚሠራ አላውቀውማ! በማላውቀው እንዴት ልማል? ያን ጊዜ አመነች ተባለ።»

እዚህ አገር መሐላ ቀልድ አይደለም። ውሸታም ብትሆን ኖሮ ምላ ትገላገል ነበር። አለመማሏ ንጽሕናዋን ያሳየው ለእኔ ብቻ መሰለኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ፕሮግራሙ ስለ ሥራው በየዕለቱ የሚጽፈውን ማስታወሻ አየሁ። ማስጠንቀቂያ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ያው ነው። ሁሉንም ደግሞ ቀድሞ አውቀዋለሁ፤ ዓምና ኢሜይሌን ሲያጣብብብኝ እንዳይታየኝ ያደረግሁት እኔው ነኝ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ ከባድ ነገር አይደለም። የምሠራበት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ የራሱን ክፍሎች በስም እየጠራ የሚያይበትና የሚሞላበት መንገድ አለው፤ ራሱን በመስታወት እንደማየት ነው። እዚያ ውስጥ አንድ የመሙያ ትእዛዝ አለ። «ለዚህ አውራ፣ ይህን መንደር ሙላ» ብላችሁ ሁለት ነገር ብትሰጡት ይቀበላል። «ይህን መንደር ሙላ» ብላችሁ አንድ ነገር ብቻ ብትሰጡትም ይቀበላል። ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ የሁሉም የጋራ ያደርገዋል። የቋንቋው ባለቤቶች ይህ ነገር አንድ ቀን ሰው እንደሚጎዳ ገብቷቸው ኖሯል፣ በአዲሱ እትም «አንድ ብቻ መስጠት ሊቀር ነው፤ ለማን እንደሆነም ተናገር» የሚል ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። ማስጠንቀቂያው ሥራ አያስቆምም። ስለማያስቆም ናቅሁት።

ቢሮ ውስጥ ጽጌ የምትመዘግብበትን ክፍል ስሠራ ሁለቱንም ሰጥቻለሁ፤ ልክ ነው። በስልክ ሪፖርት የሚላክበትን ክፍል ግን ዓምና ነው የጨመርኩት፤ በጥድፊያ፣ አንዱን ብቻ እየሰጠሁ። ታዲያ በስልክ የሚልክ ማን ነው? ሌሎቹ መንደሮች ቅርብ ስለሆኑ ሰው ቢሮ ድረስ ይመጣል። በስልክ የምትልከው ሩቋ እንዶዴ ሜዳ ብቻ ናት።

ለጽጌ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ተነሥታ በሩን ዘጋችና አለቀሰች። እኔም የምገባበት ጠፋኝ። «አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ጋሽ ተክሌ ግን በዋዛ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። «ማሽን ተሳሳተ ማለት ቀላል ነው» አሉኝ። «አንተም ወዳጇ ነህ። እሺ፣ አውራዎቹ እንዶዴ ሜዳ ካልሆኑ የት ናቸው? አሥራ ዘጠኝ በግ ተነነ?»

እሳቸውም ሌላውም የኮሚቴ አባል ወርዶ አላየም፤ ገደል ነው፣ ቢወርዱም የጽጌ ወንድም ደምሴ ወደ ቆላ ደብቋቸዋል ብለው ደምድመዋል። እንግዲያው እኔ እወርዳለሁ አልኩ። አፌ ተናግሮ ሲጨርስ ነው ጫማዬን ያየሁት።

ዓርብ ወደ አንኮበር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የገብሱ ማሳ አልቆ መሬቱ ድንገት ሲቆረጥና ከታች ያለው ቆላ ጭጋግ ለብሶ ሲታይ፣ አዳማ ላይ ተራራ የምንለው ነገር አሳፈረኝ። ጎረቤላ ከተማ ላይ የጽጌ ወንድም አቶ ደምሴ ጠበቁኝ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ጫማዬን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቁልቁለቱን ሁለት ሰዓት ወረድን። እሳቸው ይራመዳሉ፣ እኔ እንፏቀቃለሁ። ከመንገዱ ግማሽ ላይ የግራ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ፤ በሻሽ አስረነው ቀጠልን። ቤታቸው ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ «እግርህን!» ብለው ጫማዬን ከእጄ ነጥቀው ወሰዱ። እኔ እህል ስቀምስ እሳቸው በወስፌና በማዳበሪያ ክር ሰፉት። አዳማ ተመልሼ ጫማ ሰፊው ጋ ብወስደው፣ «ይሄን የሰፋው ሰው ጎበዝ ነው፣ አልነካውም» አለኝ።

ቀኑ ጾም ስለሆነ የበግ አገር መጥቼ በግ አልቀመስኩም። የገብስ ዳቦ፣ ተልባ፣ የባቄላ አሹቅ ቀረበልኝ። በቃኝ ባልኩ ቁጥር ወይዘሮ ሙሉ «ምን በላህና!» እያሉ ይጨምሩብኛል። አሹቁን እንደ ቆሎ ስዘግን አቶ ደምሴ ፈታ አሉና ያወሩ ጀመር።

«ለቅሶ ቤት ነው» አሉ። «ጎረቤላ፣ ድንኳን ውስጥ። ጋሽ ተክሌ መጥተው ተቀመጡ። ጤና ይስጥልኝ ስላቸው፣ አሥራ ስምንት አውራ የደበቀ ሰው ከእኔ ጋር አይነጋገርም አሉኝ። ሕዝቡ ሁሉ ሰማ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ጋ መሄድ ተውኩ።»

በረታቸውን አሳዩኝ። አንድ አውራ አለ፤ ጆሮው ላይ የማኅበሩ ቁጥር ተንጠልጥሏል፣ አሥራ አራት። ጎረቤቶቻቸው ግቢ ሁሉ ዞርኩ። ሌላ የለም። ከዚያ ሪፖርት እንዴት እንደሚልኩ አሳዩኝ አልኩ። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤቱ በላይ ካለ ድንጋይ ላይ ነው፤ ወጣን። ቁጥሩን በጥንቃቄ ሞሉ፣ መንደሩን ሞሉ፤ ጥፋት የለባቸውም። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ነው ቁጥሩን ወደ ውስጥ የማያቀብለው። አቶ ደምሴ ሊያሳዩኝ ብለው ጣታቸውን ወደ መላኪያው ሲወስዱ «ኧረ አይላኩ! ኧረ በእግዚአብሔር!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ተያይተን ሳቅን። የሳቁት ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ ኋላ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ዳገቱን ወጣሁ። ስለ ዳገቱ ምንም አልጽፍም፣ አሁንም ያመኛል። ከጎረቤላ የተሳፈርኩበት መኪና ሜዳው ላይ እንደወጣ ራዲያተሩ ፈላ። ሹፌሩ «አምስት ደቂቃ» አለ፤ የዚህን አምስት ደቂቃ ትርጉም በየትም አገር እናውቀዋለን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከመንገዱ ዳር ካለ ግቢ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ብቅ ብለው፣ ሽፈራው እባላለሁ አሉና «እንግዶች፣ በብርድ ምን ያቆማችኋል? ግቡ እንጂ!» ብለው ስድስታችንንም አስገቡን። ያልጠበቁት ስድስት ሰው ነው እንግዲህ። ትኩስ ገንፎ ወጣ፤ ዙሪያውን ተቀመጥን። እኔ ቤት ስድስት ሰው ሳይነግረኝ ቢመጣ መጀመሪያ የማደርገው በሩ እንዳልተንኳኳ መምሰል ነው።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ አንድ አውራ በግ አፍጥጦ አየኝ። ጆሮው ላይ ሰባት ቁጥር ተንጠልጥሏል።

«አቶ ሽፈራው፣ ይሄ አውራ የማኅበሩ አይደለም እንዴ?»

ሰውዬው አንገታቸውን አከኩ። «ነው። ዓመቱ እንኳ አልፏል። ላስረክብ ቢሮ ብሄድ፣ ገና ደጃፉ ላይ መዝገቡ እንዶዴ ሜዳ ነው ይላል ሲባል ሰማሁ። እኔ ጋ የለም ከተባለ ምን ላድርግ? ደግሞ ጥሩ አውራ ነው፣ ግልገሎቹን ብታይ! ዝም አልኩ።» የአውራውን ጀርባ እየዳበሱ፣ «የእኔ ብቻ ተረስቶ የቀረ መስሎኝ ነው» አሉ፤ ፊታቸው ቀላ።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። እንዴት ደስ አለኝ! የገንፎ ቅቤ በእጄ ላይ እየረጋ ሰውዬውን አቅፌ ሳምኳቸው። አውራዎቹ የትም አልሄዱም። ባሉበት ናቸው። እያንዳንዱ ሰው የእሱ ብቻ የተረሳ መስሎት፣ ጥሩ አውራም ስለሆነ፣ ዝም ብሏል። «እሑድ ስብሰባው ላይ ይህንኑ ይናገራሉ?» ብላቸው፣ ከብዙ ማከክ በኋላ እሺ አሉ።

ከሰዓት ደብረ ብርሃን ገብቼ ፕሮግራሙን አስተካከልኩ። ትእዛዙ የተጠራበትን ቦታ ሁሉ ፈልጌ ለማን እንደሆነ ጻፍኩበት፤ ባዶ ከመጣ ደግሞ እንዲያስቆም አደረግሁ። የቀረኝን አንድ ጥሪ እንኳ እኔ አላገኘሁትም፤ የጠቆመኝ ያው የናቅሁት ማስጠንቀቂያ ነው። ጽጌ ወንበሩን ከእኔ ተቀብላ፣ ሆን ብላ የአውራውን ቁጥር ባዶ ትታ ላከች። ቀይ ጽሑፍ መጣ። ደገመችው፣ አሁንም ቀይ።

«እንቢ አለ!» አለች። «እሰይ! ይሄን ጊዜ ነው ለማሽኑ የምምልለት!»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ አሥር ሰው ናቸው፣ ሁሉም ራሳቸው አርቢዎች። አቶ ሽፈራውም ከኋላ ተቀምጠዋል። ጋሽ ተክሌ ጉዳዩን ከፈቱ። እኔ ተነሥቼ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ተነግሮኝ ችላ እንዳልኩ ተናገርኩ። አንዱ አባል «ከአዳማ ድረስ አጥፍቻለሁ ሊል የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ። ጋሽ ተክሌ ግን ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፤ «አውራዎቹስ?»

አቶ ሽፈራው ብድግ አሉ። «ሰባት ቁጥር እኔ ቤት ነው። የእኔ ብቻ የተረሳ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ አንድ አባል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁለት ቁጥር... እኔ ጋ ነው።» ሌላው ወደ መሬት እያየ «አሥራ አንድ» አለ። «የእኔም አለ።» «እኔም ጋ አንድ አለ፣ ልናገር ስል ነው።» ቁጥሩ እየተጠራ ሄደ፤ ያልመጡ ሰዎችንም ጎረቤቶቻቸው አጋለጧቸው። ጽጌ እየተከተለች ትጽፋለች። የአቶ ደምሴን አሥራ አራት ቁጥር ጨምሮ አሥራ ስምንት ሞላ። የቀረው አንድ ነው፣ አምስት ቁጥር። ሁሉም ዙሪያውን ተመለከተ። ጋሽ ተክሌ ጋቢያቸውን ደጋግመው አስተካከሉ።

«የእኔን» አሉ በመጨረሻ፣ «ጽጌ ረስታው ነው ብዬ...» አልጨረሱትም። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ እሳቸውም መሳቅ ፈልገው አልሆነላቸውም። አውራዎቹ በሳምንቱ ውስጥ ለተፈናቃዮቹ እንዲሰጡ ወዲያው ተወሰነ።

ጽጌ ግን አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔን እዚህ ነፃ አላችሁኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜን ግን ሌባ ያሉት ለቅሶ ቤት ነው፤ ሕዝብ ፊት።»

ጋሽ ተክሌ «እውነትሽን ነው» ብቻ አሉና ስብሰባውን ዘጉ። ስልክ ደውለው የሚያልፉት መሰለኝ።

ሰኞ ጠዋት የተሰፋ ጫማዬን አድርጌ መናኸሪያ ሄድኩ። የአዲስ አበባው መኪና እስኪሞላ ቆሜ፣ ከወዲያ በኩል ወደ አንኮበር የሚሄደውን ሚኒባስ አየሁ። ጽጌ በአዲስ ነጠላ ደምቃ ቆማለች። ጋሽ ተክሌ ከዘራቸውን ይዘው የፊተኛውን በር ከፍተውላታል። ረዳቱ ሮጦ መጥቶ «አባት፣ እርስዎ ነዎት እንጂ ጋቢና የሚገቡት! ዳገት ቁልቁለት ነው፣ ከኋላ ይንገላታሉ» አላቸው።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የምሄደው» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ግቢ፣ ልጄ።» እሷ ስትገባ በሩን ዘጉላትና ከኋላ፣ ከሽንኩርት ጆንያው አጠገብ ተቀመጡ።